ለላሬቦ የተላከችው ቮልቮ

ኅዳር 3 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና

ዛሬ ከስዊድን አገር ደብዳቤ ደረሰኝ። ደረሰኝ አልኩ እንጂ ፖስታው ላይ የተጻፈው «ለላሬቦ» ነው። በዚህ ከተማ ደግሞ ላሬቦ እኔ ነኝ፤ መታወቂያዬ ላይም፣ የሬዲዮ ጥገና ፈቃዴ ላይም።

የጻፉት ሚስተር ስቬን ናቸው፤ ልጆች ሆነን ቦኖሻ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍሩ የነበሩት ፈረንጅ። አማርኛቸው ዛሬም አልተሻሻለም። እንዳለ ልገልብጠው።

«ልጄ ላሬቦ። እኔ ስቬን ነኝ፣ በሕይወት አለሁ። ዓይኔ ግን ደከመ። ሐኪም መንዳት የለም አለኝ። ያቺ ግራጫ መኪና አለች፣ በጣም ደህና ናት። እኔ መንዳት ስተው የአንተ ናት ብዬ ቃል ሰጠሁህ፤ ቃል ቃል ነው። መርከብ ላይ ጫንኩ። አሰብ ትመጣለች። እናትህን ሳምልኝ። ትንሹ ተረፈ እንዴት ነው? አሁንም የሰው ዕቃ ይፈታል?»

ትንሹ ተረፈ እኔ ነኝ። አዎ፣ አሁንም እፈታለሁ፤ እንጀራዬ ሆኗል።

መኪና! ያውም ያቺ! ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ መብራቶቿ የተጎለጎሉ ቮልቮ። ታላቅ ወንድሜ ላሬቦ ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ሲያጥባት፣ ዘይት ሲቀይርላት፣ በኋላም ሲነዳት ነው ያደገው። ሚስተር ስቬን በ1967 አገራቸው ሲገቡ ጭነዋት ሄዱ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ሰው ሁሉ ለሳቸው ሲያለቅስ እኔ ለመኪናዋ አለቀስኩ። ሬዲዮ ነበራት። ሳጥኑ ውስጥ ሰው ይኖር እንደሆነ ሳላይ ሄደችብኝ። ዛሬም ከሁሉ በላይ የምፈልገው እሱን ሬዲዮ ከፍቼ ማየት ነው።

ይህን ደብተር የማኖረው ባለቤቱ ሊወስደው ባልተመለሰ አሮጌ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ስለሆነ እውነቱን ልጻፍ። በ1976 ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ በገበሬ ማኅበሩ ዝርዝር ላይ የወጣው የኔ ስም ነበር፦ ተረፈ። እኔ ወባ ይዞኝ ተኝቼ ነበር። ስሙ ሲጠራ ላሬቦ «አቤት» ብሎ ወጣ። ተረፈ ተብሎ ዘመተ። እኔ በሱ ወረቀት ሆሳዕና ገባሁና ላሬቦ ሆንኩ። የቦኖሻ ሰው በሙሉ ያውቃል፣ አንድም አፉን የከፈተ የለም። የሆሳዕና ሰው አያውቅም። ከላሬቦ ደብዳቤ ከመጣ ሁለት ዓመት አለፈ።

ኅዳር 5

ላልናገር ምዬ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አላስቻለኝም። ለጋሽ ረሻድ ነገርኳቸው። ከሱቄ ቀጥሎ መለዋወጫ የሚሸጡ ጉራጌ ናቸው፤ በመኪና ነገር በዚህ ከተማ የሚስተካከላቸው የለም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ብለው ሳቁብኝ። ትንሽ ቆይተው ግን መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንት ሞዴል ናት?»

«ሃምሳ አምስት፣ በፈረንጅ።»

«ያ አላህ! ካምቢዮዋ ባለ ሦስት ነው ባለ አራት?»

«ባለ ሦስት» አልኩ በግምት።

«ሰውዬው መንዳት አስተምረውሃላ?»

«አስተምረውኛል።»

መሪ ነክቼ አላውቅም። ማን አናገረኝ?

ኅዳር 9

እጄ ላይ ያለው የሰው ሬዲዮ ከተፈታ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ አልገጥመውም፣ ልቤ አሰብ ነው። በጨው ውሃ ላይ የመጣ ብረት ይዝጋል? ሞተሯ ውስጥ ዘይት ትተው ነው የጫኗት ወይስ አራግፈው? ማንን ልጠይቅ?

ገነቴ ጋ ሄድኩ። ገነቴ የዱራሜ ልጅ ናት፤ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ የጽሕፈት መኪናዋን ዘርግታ የሰው ማመልከቻ ትጽፋለች። የሰው ጉድ ሁሉ በጣቷ ያልፋል። እኔ ዕቃ እከፍታለሁ፣ እሷ ሰው ትከፍታለች።

የሚስተር ስቬንን ደብዳቤ ጮክ ብላ አነበበችው። «ትንሹ ተረፈ ማነው?»

«ወንድሜ። ዘማች ነው።»

«ዕቃ የሚፈታውስ እሱ ነው? አንተም ትፈታለህ እኮ! የዘር በሽታ ነው በለኛ።»

ሳቅን። ከዚያ ለጉምሩክ የሚሄደውን ጻፈችልኝ፤ «አመልካች ላሬቦ» ብላ ጀመረች። ለሌላ ሰው መዋሸት አይከብደኝም፤ እሷ ስሙን ስትመታው ግን ጣቷን ማየት አልወደድኩም።

ኅዳር 11፣ ቦኖሻ

እሑድ ነው፤ እማዬ ከቸርች መልስ በርበሬ አስጥታ ደጅ ተቀምጣ አገኘኋት። ደብዳቤውን ወደ ሃዲይኛ መለስኩላት። «ሳምልኝ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቀች፤ ጥርሷን ካየሁት ቆይቻለሁ።

«መኪናዋን ለማን ነው የላኩት?»

«ለላሬቦ።»

«እንግዲያው መጥቶ ይውሰዳታ።»

«እማዬ፣ ባሕር ዳር ላይ ቆማ አትጠብቀውም እኮ። ሦስት ወር ካለፈ መንግሥት ይወርሳታል።»

«አምጣት እንግዲያስ። ግን አትንካት። ዕቃውን ፈታትተህ አትጠብቀው።» በርበሬውን በእጇ በተነችው። «በስምህ መሄዱም ለሱ ከባድ ነበር። አንተ ወባ የያዘህ እሱ ከሄደ በኋላ ነው፣ በሐምሌ። እሱ ስለሌለ የሚያስታምምህ አልነበረም።»

እማዬ ወሩ ተምታቶባታል። ወባው ከዚያ በፊት ነው።

ኅዳር 19

ጓድ ዳኘ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማኅተም ይወዳል እንጂ። የሚስተር ስቬንን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አዟዙሮ አየው፣ ከኋላው ምስጢር የተጻፈበት ይመስል።

«ጓድ ላሬቦ፣ የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ። የቀረጡን ነገር ግን አስበህበታል?»

«አቅሜ አይችለውም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ወንድምህ ዘማች አይደል እንዴ? በዘማች ቤተሰብነት ብንጠይቅ ሊታይልህ ይችላል። በሥራ ላይ መሆኑን ብቻ ከላይ ማረጋገጫ እናስመጣለን።»

ሌላም መንገድ ነበረኝ። ጋሽ ረሻድ ትናንት፣ «ቀረጡን እኔ ልቻለው፣ መኪናዋ ዓመት ለኔ ትሥራ» ብለውኛል። እሱ መንገድ ስለ ዘማቹ ማንንም አያስጠይቅም፣ ምንም ነገር አያስነሣም።

የዘማቹን መረጥኩ። ለቀረጡ ብዬ ነው።

ኅዳር 20

ገነቴ ወረቀቱን አስገብታ ጣቷን አነሣች። «ላሬቦ፣ ሰባት ዓመት የሰው ማመልከቻ ጽፌአለሁ። መልሱን የማትፈልገውን ጥያቄ አትጠይቅ።»

«ለቀረጥ እኮ ነው።»

«ለቀረጥ» አለች ቀና ሳትል። የሰጠኋትን ረቂቅ አነበበች። «በሥራ ላይ መሆኑን ይጠየቅ፣ ይሁን። ‹በአሁኑ ጊዜ የት እንደሚገኝ› የሚለው ለምን ገባ? ለጉምሩክ የት ቢገኝ ምን ይጠቅመዋል?»

«እግረ መንገዱን ነው።»

አየችኝ። ጻፈችው። «ወንድሜ ወታደር ተረፈ» ስትል፣ ስሜን በገዛ ማመልከቻዬ ላይ እንደ ሌላ ሰው አየሁት። ቦኖሻ ያሉት አጎቴ ጋሼ ሄሊሶ ልጅ ሆኜ የሰዓታቸውን ሆድ ስከፍት፣ «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ይሉኝ ነበር።

ታኅሣሥ 2

መልስ የለም።

ታኅሣሥ 7

አሰብ ገብታለች! ቴሌግራም። ጋሽ ረሻድ ቆመው ጨበጡኝ፤ ሰማይ ያለችው ላም ወረደች አሉ።

ታኅሣሥ 8

ማረጋገጫው አልመጣም፤ ጓድ ዳኘ ግን በቀበሌው ዋስትና እንድትለቀቅ ጻፈልኝ። ራሱ ፈረመ፣ ራሱ ማኅተም መታ። «የዘማች ቤተሰብ ንብረት አሰብ ላይ ዝጎ አይቀርም» አለ። ይህ ሰው ለማን እንደፈረመ አያውቅም።

ታኅሣሥ 14

ለሚስተር ስቬን መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። አራት ወረቀት ቀደድኩ። በመጨረሻ፣ «መኪናዋ ደርሳለች፤ እናታችን ደህና ናት፤ ተረፈም ደህና ነው፣ አሁንም ዕቃ ይፈታል» ብዬ ጻፍኩ። አንድም ውሸት የለበትም። ከታች ግን ላሬቦ ብዬ ፈረምኩ።

እሱ ቢሆን ምን ይጽፍላቸው ነበር? ፊደሉ እንዴት ነበር? ጥቅጥቅ ያለ ነበር መሰለኝ፣ ወደ ግራ የሚያጋድል። ከግንባር የላካቸውን ሦስት ደብዳቤዎች እማዬ ሳጥን ውስጥ ቆልፋባቸዋለች፤ ማንበብ አትችልም፣ ግን ለኔም አትሰጠኝም። ሰጥታኝም «አንብብልኝ» ብላኝም አታውቅም። ጠይቄአትም አላውቅም፤ እኔ፣ ሁሉን ካልከፈትኩ የምለው ሰውዬ።

ጥር 8

መጣች!!

ጋሽ ረሻድ የሚያውቁት ሹፌር በከባድ መኪናው ጭኖ፣ በቡታጅራ መንገድ። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ካለው የአፈር ቁልል ላይ አስጠግቶ አወረዳት። ከተማው ወጣ ማለት ይቀላል። አቧራ ለብሳለች፤ በእጄ ስጠርገው ያው ግራጫ ነው። እንዴት አነሰች! በልጅነቴ ቤት ታህል ነበር። የፊት ወንበሯ ቆዳ አንድ ቦታ ተተርትሯል፤ ጣቴን አስገብቼ ዳበስኩት፣ ጭድ መሳይ ነገር ነው ሆዱ።

«ላሬቦ፣ ንዳታ!» አሉ። «የሰውዬው ሹፌር አልነበርክም?»

ገባሁ። እግሬ ሥር ሦስት ነገር አለ። የትኛው ምን እንደሆነ እንጃ። «መጀመሪያ ሞተሯን ልይ» ብዬ ወረድኩና ኮፈኗን ከፈትኩ፤ ከዚያ በኋላ የምሬን ረሳሁት። ባለ ስድስት ቮልት ናት! ባትሪዋ የልጅ ምሳ ዕቃ ታክላለች። ሽቦዎቿ በጨርቅ የተሸፈኑ ናቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰው አስቆምኩ፤ ገነቴ ከሕዝቡ መሀል፣ «አሁን ይበትናታል!» ብላ ስትጮህ ነው የነቃሁት።

በመጨረሻ ገፍተው አስነሧት፤ መሪ የያዙት ጋሽ ረሻድ ናቸው። ቤት ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ፍሪሲዮንና ፍሬን የማይለይ ሹፌር ዛሬ አየሁ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ጥር 10

«አትንካት» ተብያለሁ። ሬዲዮው ግን መኪና አይደለም።

አወጣሁት። ባለ ቫልቭ ነው! እንደ ትንንሽ አምፖል የተደረደሩ ናቸው፤ አንዷ ብቻ ተቃጥላለች። ከሱቄ ጓዳ የምትገጥም አገኘሁና ቀየርኩ። አበራሁት። ዝም። ዝም። እስኪሞቅ ነው። ከዚያ ኡኡታ፣ ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ የአዲስ አበባ ዜና! ለብቻዬ ጨበጨብኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ዛሬ ግን አሥር ነበርኩ።

ሬዲዮው የተቀመጠበት ብረት በአንድ በኩል ተሰብሮ ነበር። የያዘው ምን እንደሆነ ሳይ እጄ ቆመ። ቃጫ ነው። የእንሰት ቃጫ፣ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ፣ የእኛ ሰው የቤት ማገር በሚያስርበት ቋጠሮ የታሰረ። ላሬቦ ነው ያሰረው። ሚስተር ስቬን ይህን ቋጠሮ ይዘው አሥራ ሦስት ዓመት በበረዶ አገር ነዱ፤ አልቀየሩትም።

ሌላውን ሁሉ ፈትቼ ገጠምኩ። እሱን አልነካሁትም።

ጥር 14

ጋሽ ረሻድ ሰው ወደማይበዛበት ሜዳ ወሰዱኝ። «ማን እንደሆንክ አልጠይቅህም» አሉ። «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ።»

አጠፋኋት። አጠፋኋት። አጠፋኋት። በአሥረኛው ሄደች። ላሬቦ እንዲህ ቀላል አስመስሎ እንዴት ነበር የሚነዳት?

ጥር 21፣ ማታ

ቦኖሻ ሄደን መጣን። ሜዳው ላይ እኔ፣ ቁልቁለቱን ጋሽ ረሻድ ነዱ። ሰፈሩ ሳንደርስ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩ፤ እማዬን ላስደስታት ብዬ።

ይህን ባላደርግ ይሻል ነበር። የመኪናዋን ድምፅ ከሩቅ ለይታዋለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ የእሾህ አጥሩን ገፍታ፣ እየሮጠች ወጣች፤ እማዬ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። በመስኮት ጎንበስ አለች። ጋሽ ረሻድን አየች። እኔን አየች። ከዚያ የኋላውን ወንበር አየች፤ እሱን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ደህና መጣችሁ» አለችን።

ጋሼ ሄሊሶ ጎማውን በከዘራቸው እየነኩ ዞሩ፤ ልጆች ኮፈኑ ላይ ወጡ። እማዬን ትንሽ ላዙርሽ ብላት ወይ ፍንክች። «ባለቤቱ ሲመጣ እቀመጥባታለሁ» አለች። እኔ በሷ ፊት ባለቤቱ ነኝ ማለት አልችልም፤ በሌላው ሰው ፊት ደግሞ አይደለሁም ማለት አልችልም።

ስንመለስ ጋሽ ረሻድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «እናትህ ሲጠሩህ ሰማሁ። ተረፈ ነው ያሉህ?»

የሬዲዮውን ቁልፍ አዞርኩ።

«ዝም አይነቅዝም» አሉና ራሳቸው ወሬ ቀየሩ።

ጥር 22

እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ስለዚህ አስተካክዬ ልጻፈው። ወባ አልነበረኝም። እማዬ ልክ ናት፤ ወባው በሐምሌ ነው። በዚያን ቀን ቆሜ ነበር፣ ከላሬቦ ክንድ አጠገብ፣ ጤነኛ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ። ስም ጠሪው «ተረፈ!» ሲል ሰማሁ። ሁለተኛ ጠራ፣ ሰማሁ። ላሬቦ ዘወር ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ትንሽ ጠበቀኝ። ምንም እንዳልል ሲያውቅ፣ «አቤት» አለ።

ለአምስት ዓመት፣ ትንሽ ቢታገሥ እኔው አቤት እል ነበር ስል ኖርኩ። አልልም ነበር።

የካቲት 2

መልሱ መጣ።

ጓድ ዳኘ ሱቄ ድረስ ራሱ መጣ፤ ሲመጣ አይቼው አላውቅም። ወረቀቱን አልሰጠኝም፣ አጠገቤ ቆሞ ያዘልኝ። «ወታደር ተረፈ መጋቢት 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በግዳጅ ላይ ሳለ ለእናት አገሩ መሰዋቱን እናረጋግጣለን።» ዓመት ሊሞላው ነው። የት እንደሚገኝ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ የመለሱልኝ ይህን ብቻ ነው።

ጓድ ዳኘ አቅፎኝ አለቀሰ። እኔን እያቀፈ ለኔ አለቀሰ።

ማን ጠይቅ አለኝ? ማን? ገነቴ ነግራኛለች። መንገድ ሞልቶ ነበር። የቀረጥ ነገር ሰበብ ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት። ማወቅ ፈልጌ ነው። አወቅሁ።

የካቲት 3

ጓድ ዳኘ መርዶው በወግ ይነገር ብሏል፤ እሑድ ሊነጋጋ ሲል፣ ከሽማግሌዎች ጋር። በመኪናዋ እንሄዳለን አለ፣ ሌላ መኪና የለም።

ጋሼ ሄሊሶ ሰምተው ዛሬ ሆሳዕና ገቡ። ሱቁን ዘግተው በሃዲይኛ አናገሩኝ። «የሞተው ተረፈ ነው። ይኸው ነው። ሌላ ካልክ አንተ ትታሰራለህ፣ የፈረመልህ ይታሰራል፣ አምስት ዓመት ዝም ያለው አገር ሁሉ ይጠየቃል። የሄደውን አታመጣውም።»

ልክ ናቸው።

የካቲት 5

ነገርናት። የመኪናዋን ድምፅ ሰምታ ወጥታ ቆማ ነበር፤ ዛሬ አልሮጠችም። ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ ስታይ ቁጭ አለች። ጓድ ዳኘ ኮፍያውን አውልቆ፣ «እናቴ፣ ልጅዎ ተረፈ ለአገሩ ተሰውቷል» አለ፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ።

እማዬ እኔን አየችኝ፣ ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ። ገባት።

የካቲት 7፣ ቦኖሻ

ይህን የምጽፈው ሰው ከተበተነ በኋላ፣ እማዬ ጓዳ ነው። ነገ ደብተሩ ከኔ ጋር አይሆንምና የቀረውን ዛሬ ልጨርስ።

ሦስት ቀን ዳስ ውስጥ ተቀመጥን። አገሩ መጣ፤ ከሻሾጎ ሜዳ በፈረስ፣ ከሆሳዕና በእግር ሳይቀር። ሴቶቹ «ተረፈ! ተረፈ!» እያሉ ያለቅሳሉ፤ የሚያውቁት የቦኖሻ ሴቶች ስሜን እየጠሩ ዓይናቸውን ከኔ ያሸሻሉ። ከሩቅ የመጣ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዞ፣ «አይዞህ ላሬቦ፣ አንተ አለህላት» አለኝ።

እማዬ ግን አላለቀሰችም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። መዘምራኑ መጡ፣ ዘመሩ፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። የሰው ሹክሹክታ በጆሮዬ ገባ። «ልቧ ድንጋይ ሆነ» አለች አንዷ። «ትንሹን አትወደውም ነበር እንዴ?» አለች ሌላዋ።

ዛሬ ከቀትር በፊት ጓድ ዳኘ ተነሥቶ ተናገረ። ከልቡ ነው የተናገረው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል! የጓድ ተረፈ ስም ሕያው ነው!» አለ። ስሙ እውነትም ሕያው ነው፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማው ነበር። ጋሼ ሄሊሶ ራሳቸውን አቀረቀሩ። ገነቴና ጋሽ ረሻድ አብረው መጥተው ከዳሱ ጫፍ ተቀምጠው ነበር፤ ገነቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እማዬን ታያለች።

ለእማዬ ውሃ ወሰድኩላት። ጎንበስ ብዬ በሃዲይኛ፣ «እማዬ፣ አልቅሺ እንጂ፣ ይወጣልሽ» አልኳት።

«ማንን ብዬ?» አለችኝ። ድምፅዋ ተሰንጥቋል። «ተረፈ ልበል? አንተ ይኸው ቆመሃል፣ በቁምህ አላለቅስብህም። ላሬቦ ልበል? ይወስዱሃል። አንዱን ላለቅስለት አንዱን ልስጥ?»

ጣሳውን መሬት አስቀመጥኩ። ልጇ ሞቶ ማልቀስ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ስሙን ወስጄበት፣ ወረቀቱን ወስጄበት፣ መኪናውን ወስጄበት፣ አሁን ደግሞ ለቅሶውን ለራሴ አስለቅሼ ልሄድ ነው። አሳፈረኝ። እንዲህ ያለ ሐፍረት አላውቅም።

ወደ ዳሱ መሀል ወጣሁ። ምን እንደምል አላሰብኩም። እንደ አባቶቻችን ደረቴን መታሁና ጮህኩ።

«ላሬቦ! ወንድሜ ላሬቦ! በስሜ ሞትክልኝ! ሲጠሩኝ ዝም ብዬ፣ አንተ አቤት አልክልኝ! ላሬቦ!»

ጓድ ዳኘ ከመቀመጫው ተነሣ። ጋሼ ሄሊሶ «አበቃ» ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ እማዬ ጮኸች። «ላሬቦ!» አለች፤ ከሆዷ ሥር ነው የመጣው። ተከትለው የቦኖሻ ሴቶች፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ አምስት ዓመት በጉሮሯቸው የያዙትን ስም አንድ ላይ ለቀቁት። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ሄሊሶ ከዘራቸውን ጥለው ከኔ እኩል ዘለሉ። ገነቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ስንቱን ማመልከቻ ለጻፈችልኝ ልጅ፣ ይቅርታ እንኳ የምልበት ስም አልነበረኝም።

እማዬ መጥታ ከኔ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቴን ወደ ደረቷ ስባ፣ እሱን እየጠራች፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ስንጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «አሁን ሞተ» አለች።

ጓድ ዳኘ አልሄደም ነበር። ሰው ሲቀንስ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። «የኔ ፊርማ እኮ አለበት» አለኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም።

«አውቃለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ማን እንደሆንኩ አልነገርኩዎትም ነበር ብዬ እጽፋለሁ።»

«ነገ ጠዋት አብረን ሆሳዕና ፖሊስ ጣቢያ እንገባለን። እስከዚያ እናትህ ጋ እደር።» እጁን ዘረጋ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ሰጠሁት። ለቅሶው እስኪያልቅ ቆሞ ጠብቆ ነው የጠየቀኝ፤ ለዚህስ እግዜር ይስጠው።